ሳይለካ የተሠራ ሹራብ

«አንዲት እህት ብቻ ናት ያለችው አሉ፤ ያውም እዚሁ ከተማ ውስጥ። ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ አንዲት መሀረብ እንኳ ልካ አታውቅም።»

ይህን ያለችው፣ ክርኗን ባንኮኒው ላይ አሳርፋ ቦርሳዋ እስኪሰጣት የምትጠብቅ ሴት ናት። አጠገቧ የቆመችው ጓደኛዋ «እህት ተብላ» ብላ ከንፈሯን መጠጠች፤ ቀጥላም ስለ ማን እንደምታወራ ጠየቀቻት። «ስለ ሰዓት ሠሪው ነዋ። ከአሮጌው ሲኒማ ቤት ጀርባ፣ ደረጃው ሥር ያለው። ሚስቱ ጎረቤቴ አይደለች? በቀደም ትምህርት ቤት ስለ ዘመዶቻችሁ ጻፉ ብለዋቸው፣ ልጅቷ ምን ብላ ብትጽፍ ጥሩ ነው? ‹አንድ አክስት ነበረችኝ፤ ሞታለች።› እናቷ አየችው፣ ዝም። አባቷ አየው፣ ዝም። ማን ያርማት?» ከባንኮኒው ወዲያ ቦርሳውን ልታወርድ እጇን የሰደደችው ዕቃ ጠባቂ፣ እጇ መደርደሪያው ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ቆይታ ቦርሳውን አወረደች፣ የቆርቆሮውን ቁጥር ተቀበለች፣ ሃያ ሦስት ነበር፣ ሃያ ሦስትን ሚስማሩ ላይ ሰቀለች። ሴትዮዋ «አመሰግናለሁ እትዬ» አለቻት፣ ፊቷን ሳታይ። ሁለቱም እያወሩ ወጡ። ሞታለች የተባለችው አክስት እሷ ነበረች።

በዚህ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ዕቃ ስትቀበልና ስትመልስ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ሰው ቦርሳውንና ጃንጥላውን ትቶ በምትኩ ቁጥር ይዞ ይገባል፤ ልጆቹም ስሟን ጠይቀው ስለማያውቁ «እትዬ ቁጥር» ይሏታል። ቅዳሜ ጠዋት የልጆች ንባብ ስላለ ጫጫታ አይጠፋም። በሌላው ቀን ግን ሥራው መጠበቅ ነው፤ መጠበቅ ደግሞ እጅን ያሳክካል። ስለዚህ ከባንኮኒው ሥር፣ የጫማ ካርቶን ውስጥ፣ ክርና የሹራብ መርፌዋ ሁልጊዜም አሉ። ያን ቀን በካርቶኑ ውስጥ የነበረው የልጅ ሹራብ ነው፤ የወይን ጠጅ መልክ ያለው፣ ደረቱ ላይ ሁለት ነጭ መስመር የዞረበት። ክሩን ስትገዛ ባለሱቋ ዋጋው ከአምናው በግማሽ ጨምሯል ብትላትም ሳትከራከር ከፍላለች፤ ለሱፍ ክር ስትከራከር እጇ ይቀዘቅዛል። ጀርባው አልቋል፣ ፊቱ አልቋል፣ ቀኝ እጅጌው አልቋል። የቀረው የግራው እጅጌ ብቻ ነው፤ እሱም ክርኑ ጋ ደርሷል።

በሩ ሥር የሚቀመጡት ሽማግሌ ጥበቃ፣ ለአለቃ ትእዛዝ የሚደነቁረው ጆሯቸው ለሐሜት ሲሆን መርፌ ስትወድቅ የሚሰማ ነው። ወሬውን አንድም ቃል ሳያመልጣቸው ሰምተውታል።

«ሰማሽልኝ? እንዲህም ያለች ሰው አለች። የወንድም ልጅ ማለት እኮ የገዛ ልጅ ማለት ነው። ወይ አንቺን ባዩሽ፣ ለወንድምሽ ልጅ ጣትሽ እስኪላጥ ስትሠሪ።»

«ምን ይታወቃል ጋሼ» አለች፣ መርፌዋን እያነሣች። «የሷም ምክንያት ይኖራታል።»

«ምን ምክንያት አለው? እግር የላትም?»

እግር ነበራት።

ነገሩ ሰባት ዓመት ሊሞላው ነው። እናታቸው ታማ ሳለ እሷ ትልቁ ሆስፒታል እንውሰዳት ስትል፣ ታናሽ ወንድሟ ደግሞ ሐኪሙ አትንገላታ ብሏል፣ ቤቷ ትሁን አለ። እናትየዋ በአራተኛው ቀን አረፈች። ከቀብሩ በማግሥቱ፣ ቤት ሙሉ ሰው ፊት፣ «አንተ ነህ የገደልካት» አለችው። ሚስቱ የሰባት ወር ሆዷን ይዛ ተነሥታ ወጣች፤ እሱም ተከትሏት ወጣ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ፤ ያ ቃል አፋፉ ላይ ቆሞ እስከ ዛሬ ቁልቁል ያያታል። ከሁለት ወር በኋላ ሴት ልጅ ተወለደች ሲሏት ክር ገዛች። ይህን ስጨርስ ይዤ እሄድና ይቅር በለኝ እለዋለሁ አለች። ስትጨርስ አንገቱ የጠበበ መሰላትና ተርትራ እንደገና ሠራችው። አንገቱ ሲስተካከል ብርዱ አለፈ። ብርዱ ሲመለስ ልጅቷ አድጋለች፣ ሌላ ሹራብ፣ ሌላ ክር። እንዲህ እንዲያ እያለ ስድስት ሹራብ ቁም ሳጥኗ ውስጥ ከትንሽ ወደ ትልቅ ተደራርቦ ተኝቷል። መርፌ የያዘ ሰው ሥራ ላይ ነው፤ ሥራ ላይ ያለን ሰው ደግሞ ማንም፣ ሕሊናው እንኳ፣ ለምን ተቀመጥክ አይለውም።

ልጅቷን ከቅርብ አይታት አታውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከመንገድ ማዶ፣ አባቷ ትከሻ ላይ ተቀምጣ አይታታለች። ያኔ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ አንዱ ጫማዋ ወልቆ አባቷ እጅ ላይ ነበር። አውቶቡስ በመሀል ገባ፤ አውቶቡሱ ሲያልፍ እነሱ የሉም። ከዚያ ወዲህ ያለችውን ልጅ የሠራቻት ራሷ ናት፣ እንደ ሹራቡ ዐይን በዐይን፣ ረድፍ በረድፍ። ክሩ በጣቷ መሀል እየተሳበ ሲመጣ ልጅቷም ከሆነ ቦታ እየተሳበች ትመጣለች፤ መጀመሪያ አንገቷ፣ ቀጥሎ ትከሻዋ፣ ከዚያ ደግሞ ጀርባዋ፣ የሞቀ፣ ከእንቅልፍ የተነሣ የልጅ ጀርባ። አንዳንዴ ታወራታለች። የምታወራበት ድምፅ የሌላ ሰው ሳይሆን የዕቃ ጠባቂዋ የራሷ የልጅነት ድምፅ እንደሆነ ታውቃለች፤ ቢሆንም ትሰማታለች። ረዥም ልጅ አድርጋ ነው የሠራቻት፤ ቁመተ ሎጋ፣ ሳቂታ፣ ደረጃ ሁለት ሁለት እየዘለለች የምትወጣ። ስድስቱም ሹራቦች ለዚያች ልጅ ልክ ናቸው።

ዛሬ ግን መርፌዋን ስታንቀሳቅስ ልጅቷ አልመጣችም። አርባ ስምንት መሆን የነበረበት የሹራቡ ዐይን አርባ ስድስት ሆነባት፤ ፈታችና ደገመችው፤ ሃምሳ ሆነ። ሞታለች። በእርሳስ ነው የጻፈችው ወይስ በእስክሪብቶ? በእርሳስ ከሆነ በላጲስ ይጠፋል። በትልቁ የንባብ አዳራሽ አንዲት ሴት ለልጆቹ ታሪክ ስታነብ ድምፅዋ በበሩ ስንጥቅ እየሾለከ ይመጣል፣ ቃሉ ሳይለይ ዜማው ብቻ። ልጆቹ በአንድነት ሳቁ። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተከፈተና ተግተልትለው ወጡ፤ ባንኮኒው ፊት ቆርቆሯቸውን ዘርግተው ተጋፉ።

ልኳን የምትወስደው ሁልጊዜም ከእነሱ ነው። እኩያ የምትመስላትን ትመርጥና ቦርሳዋን ስትሰጣት ነገር ታራዝማለች። ዛሬ የጠራቻት የፊት ጥርሷ የወለቀ፣ መለሎ ልጅ ነበረች።

«ነይ እስኪ የኔ ቆንጆ። ስንት ዓመትሽ ነው?»

«ሰባት ሊሞላኝ ነው።»

«እጅሽን ዘርጊልኝ።» ልጅቷ ዘረጋች። ክሩን ከትከሻዋ እስከ አንጓዋ ለካችና ጫፉን ቋጠረችው።

«ለማን ነው?»

«ለወንድሜ ልጅ። እኩያሽ ናት።»

«ታዲያ ለምን እሷን አይለኳትም?»

ጥበቃው ከበሩ ሆነው ሳቁ። «በይ መልሺላት» አሉ። እሷም ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሌላ ነው። «ዛሬ እለካታለሁ» አለች። ቃሉን ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። ልጅቷ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሄደች፤ ጥበቃውም ምንም አዲስ ነገር እንዳልተነገረ ሁሉ የራዲዮናቸውን ቁልፍ እያዞሩ ጣቢያ መፈለግ ቀጠሉ።

ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍቱ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ቁጥሮቹን ከአንድ እስከ ስልሳ በየሚስማራቸው ሰቅላ፣ ሹራቡን በከረጢት ይዛ፣ ከተማዋን የሚዞረው ስምንት ቁጥር አውቶቡስ ላይ ወጣችና መስኮት ሥር ተቀመጠች። የአሮጌው ሲኒማ ቤት ፌርማታ ሰባተኛው ነው። እጅጌው እስከዚያ አያልቅም። እጅጌው ያላለቀ ሹራብ ይዞ ደግሞ የሰው ቤት አይኬድም፤ ያውም ሰባት ዓመት ያልተረገጠ ቤት። ሠራች። የሆስፒታሉ ረዥም አጥር አለፈ፣ ድልድዩ አለፈ፣ ጎማ የሚጠግኑበት ሰፈር፣ በርጩማ ደጃፋቸው ላይ አውጥተው የተቀመጡ ፀጉር አስተካካዮች፣ በረንዳ ላይ የተሰጡ አንሶላዎች። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጉልበቷ ላይ ተኛች። ሰባተኛው ፌርማታ መጣ፤ የሲኒማ ቤቱ የተላጠ ግድግዳ ታየ፣ ከጀርባው ደረጃው፣ ከደረጃው ሥር የተዘጋች ትንሽ ሱቅ። ቀና ብላ አየችና ዐይኗን ወደ መርፌዋ መለሰች። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ።

በሁለተኛው ዙር ሰው ቀነሰ። አውቶቡሱ በየመታጠፊያው ሲያዘነብል ክሩ ከከረጢቱ ውስጥ በገዛ እጁ ይፈታላታል። የከተማው ጩኸት ከመስተዋቱ ወዲያ ቀርቶ የሞተሩ እርግብግብታና የመርፌዎቹ ትክትክታ ብቻ ተሰማት፤ ጀልባ ላይ ያለች ይመስል ነበር፣ ዳርቻው ላይ ያሉት ቤቶች እየተንሳፈፉ ወደኋላ የሚሄዱባት። በዚህ መሀል ያቺ ረዥም ልጅ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። «ምን ትዪዋለሽ?» አለቻት። «አላውቅም» አለች በሆዷ። «ዝም ትዪያለሽ?» «ዝምስ ብዬ ሰባት ዓመቴ።» ልጅቷ ትከሻዋ ላይ ራሷን ጣል አደረገች፤ ክብደት አልነበራትም። አንድ ፌርማታ ላይ አንዲት ሴት ጎመን በዘንቢል ሞልታ ይዛ ወጣችና «ተጠጊልኝ እህቴ» ብላ በዚያው ቦታ ላይ ተቀመጠች።

ትኬት ቆራጩ ወንበሩን ተደግፎ ሲያያት ቆየ። «እትዬ፣ ይሄ ሁለተኛ ዙርዎ ነው። የት ነው የሚወርዱት?»

«እጅጌው ሲያልቅ።»

ትኬት ቆራጩ ወደ ሾፌሩ ዞረ። «ሰምተሃል? ‹እጅጌው ሲያልቅ› የምትባል አዲስ ፌርማታ አለች።» ሾፌሩ በመስተዋቱ አይቷት ፈገግ አለ። ባለጎመኗ ሴት ሹራቡን በሁለት ጣቷ ዳበሰችና «እጅሽ ይባረክ» አለቻት፤ ሁለተኛ ትኬት የጠየቃት የለም። በሦስተኛው ዙር፣ ድልድዩ ላይ ሲደርሱ፣ የመጨረሻውን ዐይን ዘጋች። እጅጌውን ከትከሻው ጋር በወፍራም መርፌ ሰፋችው፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው፣ ሹራቡን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። ይህ ይስተካከል የምትለው ነገር ፈለገች፤ አንገቱን አየች፣ ጠርዙን አየች። ምንም አልነበረበትም። ሰባተኛው ፌርማታ ላይ ሹራቡን አጣጥፋ ከረጢቱ ውስጥ ከተተችና ወረደች።

ከሱቁ በላይ ወዳለው ቤታቸው የሚያወጣው ደረጃ አሥራ አራት እርከን ነው። ላይ ስትደርስ በተዘጋው በር ውስጥ ብዙ ሰዓት በአንድ ጊዜ ሲቆጥር ሰማች፤ ወንድሟ የሰው ሰዓት ቤቱም ይዞ ይገባል ማለት ነው። አንኳኳች። የከፈተችው ልጅ ትንሽ ናት። ግንባሯ ሰፊ፣ አንገቷ ቀጭን፣ ጆሮዎቿ ገንጠል ገንጠል ያሉ፣ ቁርጥ ያቺ የሞተችው እናታቸው። ሰባት ዓመት ሙሉ የሠራቻት ረዥም ልጅ በዚያች ቅጽበት ደረጃውን ወርዳ ሄደች፤ ዳግመኛም አላየቻትም።

«አባትሽ አለ?»

«አለ። ማን ልበል?»

«እህትህ መጣች በይው።»

ልጅቷ አሰበች። «እንዴ፣ እህቱ ከሆኑ አክስቴ ነዎት ማለት ነው። አክስቴማ ሞታለች።» ይህን ያለችው ያለ ምንም ክፋት፣ የተሳሳተ ሰው በር አንኳኩተዋል እንደማለት ነው። ከኋላዋ እናቷ የታጠፈ ልብስ ታቅፋ ወጣች፣ በሩ ላይ የቆመውን ሰው አየችና ደረቀች። የልጇን ቃልም ሰምታዋለች፤ ደም ፊቷ ላይ ወጣ።

ሰዓት ሠሪው መስኮቱ ሥር ከትንሽ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል፣ በአንድ ዐይኑ ላይ ማጉያውን እንደሰካ። ጠጉሩ ሸብቷል፤ ይህን ማንም አልነገራትም። መቆንጠጫውን አስቀመጠ፤ ማጉያውን ግን ማንሣቱን ረሳው፤ አንዱ ዐይኑ እሷን ሲያይ አንዱ ጨለማ ሆኖ ቀረ። ግድግዳው ላይ ሰባት ወይ ስምንት ሰዓት አለ፣ ሁሉም የየራሱን ሰዓት የሚቆጥር፣ አንዱ ከአንዱ ጋር የማይስማማ። ሚስቲቱ ልብሱን የት እንደምታስቀምጠው ጠፋት። ልጅቷ አንዴ አባቷን፣ አንዴ እንግዳዋን አየች። እሷም ደፉ ላይ እንደቆመች፣ ከረጢቱን በሁለት እጇ ይዛ፣ በአውቶቡሱ ሦስት ዙር ያሰላሰለችውን ሁሉ አጣችው፤ የቀረላት እውነቱ ብቻ ነበር።

«ያንን ቃል ልመልስ ነው የመጣሁት» አለች። «እማዬን በሽታ ነው የገደላት። ያኔም አውቀው ነበር። እንዲያምህ ብዬ ነው ያልኩህ። ይቅር በለኝ።»

ወንድሟ ጠረጴዛው ላይ የተፈታውን ሰዓት አየ። በመጨረሻ የተናገረችው ሚስቱ ናት። «ይግቡ እንጂ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ደጅ ላይ ምን ያቆምዎታል።» ልብሱን አንዱ ወንበር ላይ አደረገችና ሌላውን በመዳፏ ጠርጋ አቀረበችላት። ከዚያም ወደ መሬት እያየች «ሞታለች ብላ የጻፈችውን ወረቀት አይቼ ያላረምኩት እኔ ነኝ» አለች።

አክስትየዋ ሹራቡን ከከረጢቱ አወጣችው። ልጅቷ ሳትጠየቅ እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች፤ ልጅ ሹራብ ሲያይ የሚያደርገውን። አለበሰቻት። ጭንቅላቷ ወጣ፤ እጆቿ ግን የሉም። እጅጌዎቹ ከጣቶቿ አልፈው አንድ ጋት ተንጠለጠሉ፣ ጠርዙ ጉልበቷ ጋ ደረሰ። ልጅቷ እጅጌዎቹን እያወናጨፈች «እጄ ጠፋ» ብላ ሳቀች። አክስትየዋ አልሳቀችም። ፊቷን እሳት በላው። የሰው ልጅ ለክታ ነው የመጣችው።

«ሰፍቷታል» አለች። «ቤት ያለው ይሆናታል፣ የአምናው። ካልሆነም የካቻምናው።»

«የአምናው?» አለ ወንድሟ። ከገባች የመጀመሪያ ቃሉ ነው። ማጉያውን ከዐይኑ አነሣ።

«በየዓመቱ አንድ እሠራለሁ።»

«ስንት ነው?»

«ከዚህ ጋር ሰባት።»

ወንድሟ ይህን ለመቁጠር ጊዜ ወሰደበት፤ ሰዓት ሠሪ ሆኖ እንኳ። «ለምን አልላክሽውም?»

«ትመልሰዋለህ ብዬ።»

ወዲያው አይ አላላትም። እንደ ጥንቱ፣ የጠየቁትን ነገር ከልቡ አስቦ የሚመልስ ልጅ እንደነበረው፣ አሰበበት። «እመልሰው ነበር» አለ። «የመጀመሪያውን እመልሰው ነበር። ሁለተኛውንም። ሦስተኛውን ግን እንጃ።» ከዚያ ጠረጴዛውን ገፋ አድርጎ ተነሣ፣ ከበሩ ኋላ ጃኬቱን አወረደ። «ተነሽ እታለም» አላት። «ፀሐይ ሳትገባ የቀሩትን እናምጣቸው።» እታለም የሚላት እሱ ብቻ ነበር፣ አፉን ከፈታበት ቀን ጀምሮ። ባዶውን ከረጢት አጣጥፋ ከወንበሩ ተነሣች።

ልጅቷ ሹራቡን አላወልቅም አለች። «አድግበታለሁ» አለች፤ ነገሩን ዛሬውኑ የምትጨርሰው ይመስላል። እናቷ ፊቷ በርከክ አለችና እጅጌዎቹን አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ አጠፈችላት፣ እያንዳንዱን እጥፋት በጣቷ እየተጫነች፣ ቀስ ብላ፤ ነጭ መስመሮቹ በጎን መጋጠሚያው ላይ ያለ ስሕተት እንዴት እንደተገናኙም አየች። «የጥበብ እጅ ነው» አለች ለራሷ ያህል። ሲወጡም ከደረጃው ጫፍ ሆና «እራት አራት ሰው ነው የማስበው» አለቻቸው።

ከሰዓት በኋላው ብርሃን መንገዱን ማር ቀብቶት ነበር። ሱቆች መዝጊያቸውን እያወረዱ፣ አስፋልቱ የቀኑን ሙቀት እየተነፈሰ፣ የሰዉ ጥላ ከሰዉ እየረዘመ። ወንድሟ መንገዱን እንደረሳው አላስመሰለም፤ ሳይጠይቅ ወደ ቤቷ የሚወስደውን አቋራጭ ይዞ ከፊት ቀደመ። ልጅቷ በታጠፈው እጅጌ ውስጥ ያለች ትንሽ እጇን አክስቷ መዳፍ ውስጥ ከተተችው። ያ እጅ ክብደት ነበረው፤ ላብም ነበረው፤ አንድ ጣቱ ላይ የእስክሪብቶ ቀለም አለ። ጥቂት ሄዱ።

«እና ሞተው አልነበረም?»

«አልነበረም።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ምን ሲያደርጉ ነበር?»

የሚመለስ ብዙ ነገር ነበር። ሁሉንም አንድ በአንድ አየችውና ለሰባት ዓመት ልጅ የሚሆን አንድም አጣች።

«ሹራብ ስሠራ ነበር» አለች።

ከፊት የሚሄደው ወንድሟ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየች። እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ ከጀርባው አይለይም። እርምጃውን ግን ቀነስ አደረገላቸው።